የሃይጌት ደን ዕድሜ፦ በለንደኑ የቪክቶሪያ ዘመን መካነ መቃብር ስለሚደረግ የእግር ጉዞ

በሰሜን ለንደን ኮረብታ ላይ በሚገኘው የሃይጌት መካነ መቃብር ምዕራባዊ ክፍል የሚዘዋወር ሰው ከበሩ ጥቂት እንደራቀ የመኪናው ድምፅ ይጠፋለታል። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ግራና ቀኙን ሐረግ የዋጣቸው ሐውልቶች፣ የዛፍ ሥር ገፍቶ ያጋደላቸው መስቀሎች ይታያሉ። ይህን ያየ ጎብኚ የቪክቶሪያ ዘመን ሳይነካ የቆየበት ቦታ ላይ የቆመ ይመስለዋል። የዚህ መጣጥፍ ክርክር ሌላ ነው። መቃብሮቹ የዚያ ዘመን መሆናቸው አያጠራጥርም፤ ጎብኚውን የሚማርከው ደን ግን በሃያኛው ክፍለ ዘመን ገንዘብ ሲያልቅ የበቀለ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሃይጌትን የወለደው የቦታ ጥበት ነው። በ1801 አንድ ሚሊዮን ገደማ የነበረው የለንደን ሕዝብ በ1851 ከሁለት ሚሊዮን አልፏል። ሙታኑ ግን የሚቀበሩት በዚያው በጠበበው የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነበር፤ አዲስ ሬሳ ለማስገባት የቆየውን አጥንት ማውጣት የመቃብር ቆፋሪዎች የዘወትር ሥራ ሆነ። ጆርጅ አልፍሬድ ዎከር የተባለ ሐኪም በ1839 ባሳተመው መጽሐፍ ኢነን በተባለ ቤተ ጸሎት ወለል ሥር በሺህ የሚቆጠር ሬሳ መታጨቁን አጋለጠ። በሽታ ከክፉ ሽታ ይመጣል ተብሎ በሚታመንበት፣ ኮሌራም ከተማውን በጎበኘበት ዘመን ይህ ቀላል ወሬ አልነበረም። ፓርላማው መፍትሔውን ለነጋዴ ተወ። በ1833 ከተከፈተው ከኬንሳል ግሪን ጀምሮ እስከ 1841 ድረስ ሰባት የግል መካነ መቃብሮች ከከተማው ዳር ተቋቋሙ፤ አርአያቸው በ1804 በፓሪስ የተከፈተው ፔር ላሼዝ ነበር።

መካነ መቃብሮቹን ያቋቋሙት ኩባንያዎች የሚሸጡት መሬት ብቻ አልነበረም፤ ክብርና ገጽታም ይሸጡ ነበር። የሃይጌት ባለአክሲዮኖች ኮረብታውን የመረጡት ከላዩ ሆኖ ለንደንን ቁልቁል ማየት ስለሚቻል ነው። መካነ መቃብሩ ግንቦት 20 ቀን 1839 ሲባረክ የአርክቴክቱ የስቲቨን ጊሪ ጠመዝማዛ መንገዶች ግራና ቀኛቸው ሣር ለብሶ፣ አበባ ተተክሎበት ነበር፤ ሰው ለለቅሶም ነፋስ ለመቀበልም ይመጣ ነበር። ለባለጸጋው ደግሞ የግብፅ ጎዳና የሚባለው ተሠራለት። መግቢያው የሎተስ አበባ አናት ያላቸው ወፋፍራም ዓምዶች ናቸው። ከዚያ ወደ ውስጥ ዳገቱን ይዘው በየጎኑ ስምንት ስምንት በሮች ይደረደራሉ፤ እያንዳንዱ በር የአንድ ቤተሰብ ፉካ ነው፤ ውስጡ ለአሥራ ሁለት ሣጥን የሚሆን መደርደሪያ አለው። በብረት በሮቹ ላይ ወደ ታች የተዘቀዘቀ ችቦ ተቀርጿል፤ የሕይወት መብራት መጥፋቱን ያሳያል ይባላል። የፈርዖንን ጌጥ የክርስቲያን ቀብር ላይ መለጠፍ እንግዳ ነገር ይመስላል፤ የዘመኑ ገበያ ግን ወዶታል።

ስለ ዛፍ ከሁሉ በላይ የተጨነቀው ጆን ክላውዲየስ ላውደን ነው። ይህ የአትክልት ሊቅ በ1843 ስለ መካነ መቃብር አቀማመጥና አያያዝ ባወጣው መጽሐፍ መቃብር እንደ መናፈሻ መተከል የለበትም አለ። የሚመረጡት ቅጠላቸው የማይረግፍ፣ ቀጥ ብለው የሚያድጉ፣ ጥላቸው ጠባብ፣ አየር የማይዘጉ ዛፎች መሆን ነበረባቸው። መካነ መቃብሩ ሲሞላም ተዘግቶ ከዓመታት በኋላ ለሕዝብ መዘዋወሪያ እንዲውል መከረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞተና ባልወደደው አተካከል በሚታወቀው በኬንሳል ግሪን ተቀበረ።

የኩባንያዎቹ ስሌት ከመነሻው ጉድለት ነበረበት። ገቢው ከአዲስ ቀብር ብቻ ይመጣል፤ እንክብካቤው ግን ማብቂያ የለውም። መሬቱ ተሸጦ ሲያልቅ፣ አትክልተኞች ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲዘምቱ፣ አስከሬን ማቃጠልም እየተለመደ ሲሄድ፣ ሣሩን የሚያጭድ ጠፋ። ነፋስ ዘራቸውን የሚበትናቸው ሲካሞርና አሽ የተባሉት ዛፎች በመቃብሮቹ መካከል በቀሉ። የምዕራቡ በር በ1975 ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት የሃይጌት ወዳጆች ማኅበር ተመሥርቶ ቦታውን ማዳን ጀመረ። በጥድና በወይራ የተከበበ ደብር የለመደ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ደኑን የዕድሜ ምስክር አድርጎ ቢያይ አይፈረድበትም። እዚህ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ አብዛኛው ዛፍ ከሥሩ ካለው ድንጋይ በዕድሜ ያንሳል።

ከመካነ መቃብሩ የሚበልጥ ዕድሜ የነበረው አንድ ዝነኛ ዛፍ የሊባኖስ ዝግባው ነው። ሠሪዎቹ ዙሪያውን ቆፍረው ፉካዎችን በክብ ሲያንጹ ዝግባውን መሐል ተዉት። ታምሞ በ2019 ተቆረጠ፤ በቦታው ለጋ ዝግባ ተተክሏል። በምሥራቁ ክፍል ብዙ ሰው የሚጎርፍለት የካርል ማርክስ ሐውልትም የቪክቶሪያ ዘመን አይደለም፤ በ1883 የተቀበረው ማርክስ በ1954 ወደ አሁኑ ቦታ ተዛውሮ፣ ግዙፉ የራስ ቅርጽ የቆመለት በ1956 ነው።

የዕድሜ ጉዳይ የሚያነታርከው ታሪክ ጸሐፊዎችን ብቻ ቢሆን ይህ መጣጥፍ ባልተጻፈ ነበር። ሥሮቹ የፉካዎችን ጣሪያ ይሰነጥቃሉ፤ አሹንም የሚያደርቅ የፈንገስ በሽታ ይዞታል። ዛፍ ሲቆረጥ ጸጥታችን ተነካ የሚሉ ይኖራሉ። በእኔ አስተያየት ግን የግብፅ ጎዳናን የሚያፈርስ ሲካሞር መቆረጥ አለበት፤ ጎዳናው ከፈረሰ ዳግም አይሠራም፣ ሲካሞሩ ግን ሳይተክሉት ይበቅላል። ለጥበቃው የሚሆነውን ገንዘብ በተመለከተም መንገድ ተከፍቷል፦ በ2022 የወጣው የሃይጌት ሕግ ለረጅም ዘመን ያልተነኩ አሮጌ መቃብሮች ለአዲስ ቀብር እንዲውሉ ፈቅዷል።