በሮም የነበረው የግዕዝ ትምህርት ቤትና ስማቸው የተረሳ መምህራን



በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ስለ መካከለኛ ደረጃ ት/ቤት እናነባለን። ወንበርና ጠረጴዛው ተሟላ ወይ፣ ጣሪያው ተጠገነ ወይ፣ በ8ኛ ክፍል ፈተና ስንት ተማሪ አለፈ ብለን እንጠይቃለን። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ዘንድሮ ግን ከእነርሱ ጎን የሚቆም አንድ የታሪክ ጉዳይ ማንሳት ፈለግሁ።

አንዳንዶቻችን ኑሯችንን በመሠረትንባት በሮም ከተማ፣ ከ5 መቶ ዓመት በፊት ኢትዮጵያውያን መምህር፣ አውሮፓውያን ደግሞ ተማሪ የነበሩበት ቤት አለ። በዚያ ቤት የተማሩት ሰዎች የሠሩት ሥራ ዛሬም በታላላቅ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። የተማሪዎቹ ስም በመጻሕፍቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ታትሟል። የመምህራኑን ስም ግን፣ ልጆቻችን ይቅሩና፣ ከእኛስ ስንቶቻችን እናውቃለን? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቤቱ

ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። ጣሊያኖች «ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ» ይሏታል፤ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ማለት ነው። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ወደ ሮም ለሚመጡ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆነች። ብዙዎቹ የሚመጡት በኢየሩሳሌም በኩል ነበር። በእግርና በመርከብ ወራት ተጉዘው ሲደርሱ የሚቀበላቸው የአገር ሰው፣ የሚጸልዩበት ቋንቋ፣ የሚያነቡት ብራና እዚያ ያገኙ ነበር።

የመጀመሪያው ትምህርት፦ ዳዊት

በ1511 ዓ.ም. ገደማ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ከተማ ካህን በሮም ሳለ እነዚህን መነኮሳት ሲጸልዩ ሰማ። ቋንቋውን አያውቀውም፤ ግን በመካከሉ የማርያምን፣ የሐዋርያትንና የቅዱሳንን ስም ለየ። ነገሩ ስለገረመው የሚያስተምረው ሰው ፈለገ። ያስተማሩት አባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ይባላሉ።

ትምህርቱ ምን ላይ አደረሰ? ፖትከን ከመምህሩ የተማረውን ይዞ፣ የግዕዝ ማተሚያ ፊደል አስቀርጾ፣ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በሮም አሳተመ። በታሪክ የመጀመሪያው የታተመ የግዕዝ መጽሐፍ ይህ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ አንባቢው ራሱ እንዲማርበት የፊደል ገበታ ገብቶበታል። በአገራችን ማተሚያ ቤት ሥራ የጀመረው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

በቄስ ትምህርት ያለፈ ሰው የዚህን ነገር ቅደም ተከተል ወዲያው ይረዳዋል። ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳ ዘልቆ፣ መልእክቱንና ወንጌሉን አንብቦ ዳዊት የደገመ ልጅ «ንባብ ጨረሰ» ይባላል። ጀርመናዊውም በአጭሩ የሄደው በዚሁ መንገድ ነው፤ ከፊደል ተነሥቶ ዳዊት ላይ ደረሰ። ጎደሎው ግን የቋንቋው ስም ነው። ፖትከን ግዕዝን «ከለዳዊ» ብሎ ጠራው፤ ስሕተቱም በአውሮፓ ምሁራን ዘንድ ለብዙ ዘመን ዘለቀ።

ከጦርነት መካከል የወጣ መጽሐፍ

ከ20 ዓመት በኋላ አገራችን ከባድ መከራ ወረደባት። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ በ1531 በዛሬው ደቡብ ወሎ የነበረው መካነ ሥላሴ ተቃጠለ፤ በሸዋ ደብረ ሊባኖስም እንዲሁ ተቃጠለ። በእነዚያ ቦታዎች የተቃጠለው ሕንፃ ብቻ አልነበረም። ብራናው፣ ከብራናው ጋር የተማሪው ጉባኤ፣ ከጉባኤው ጋር የመምህሩ ወንበር አብሮ ጠፋ።

የደብረ ሊባኖስ ሰው የሆኑት አባ ተስፋ ጽዮን በዚያው ክፉ ዘመን ሮም ገብተው በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀመጡ። ሮማውያን «ጴጥሮስ ኢትዮጵያዊ» ይሏቸው ነበር። በዚያም ትልቅ ሥራ ጀመሩ። ከሊቀ ጳጳሱ ከጳውሎስ 3ኛና ከሌሎች የሮም ባለ ሥልጣናት ድጋፍ አግኝተው፣ ከሁለት ኢትዮጵያውያን ባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው፣ በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ።

ይህ ሥራ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ይጠቅመናል። ፊደል ለቃሚዎቹ ግዕዝ ማንበብ አይችሉም፤ መነኮሳቱ ደግሞ ስለ ኅትመት ሥራ አንዳች አያውቁም። አንዱ ለሌላው ተማሪም መምህርም መሆን ነበረበት። ጣሊያናዊው ሠራተኛ የእርሳስ ፊደሉን ሲደረድር መነኩሴው እያነበበ ያርመዋል፤ መነኩሴው ደግሞ ገጽ እንዴት እንደሚዋቀር ከእርሱ ይማራል። የሐዋርያት ሥራ ብራናቸው ጎደሎ ሆኖ ሲያገኙት የጎደለውን ከላቲንና ከግሪክ ተርጉመው ሞሉ። ይህንንም አልደበቁም። ስሕተት ቢገኝ አንባቢ እንዲያርመው እየለመኑ የገጠማቸውን ችግር በመጽሐፉ ውስጥ ገልጸው ጻፉት።

አባ ተስፋ ጽዮን በዚህ አላበቁም። ማሪያኖ ቪቶሪ የሚባለውን፣ ኋላ የሪዬቲ ጳጳስ የሆነውን ጣሊያናዊ፣ ግዕዝ አስተማሩት። ተማሪው በ1552 በሮም ያሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያው የታተመ የግዕዝ ሰዋስው ነው። ገዳማቸው የተቃጠለባቸው መነኩሴ በስደት ላይ ሆነው ሁለት ነገር አተረፉ፤ አንድ የታተመ መጽሐፍና መጽሐፍ የጻፈ አንድ ተማሪ።

አባ ጎርጎርዮስና የ25 ዓመቱ ተማሪ

ከ1 መቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ መምህር እናገኛለን። አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው፣ የአማራ ምድር ተወላጅ ናቸው። ከኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጋር ስለነበሩ፣ ዐፄ ፋሲል ሚሲዮናውያኑን ሲያስወጡ እርሳቸውም ተሰደዱ፤ በመጨረሻም ሮም ደረሱ።

በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል የኤርፈርት ወጣት ወደ ቅዱስ እስጢፋኖስ መጣ። ዕድሜው 25 ነው። ግዕዝን ከታተሙ መጻሕፍት ብቻውን አጥንቷል እንጂ ከሰው አፍ ሰምቶት አያውቅም። መማር እንደሚፈልግ ሲነግራቸው ኢትዮጵያውያኑ ይህ ከአገሩ ውጭ የሚሆን ነገር አይደለም አሉት። አንብብ ቢሉት አነበበ፤ አነባበቡ ግን ሳቃቸውን አመጣው። ወደ ትርጓሜው ሲገባ ሳቁ ወደ አድናቆት ተለወጠ፤ ያለ መምህር እዚህ መድረሱ ደነቃቸው። በዚህ ክፍል ውስጥ ማንም ተማሪ በስሕተቱ አልተባረረም። ተሳቀበት፣ ታረመ፣ ተማረ።

አባ ጎርጎርዮስ ላቲን ስለማያውቁ መጀመሪያ የተነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። በኋላ ግን ከመምህርና ከተማሪ አልፈው ወዳጆች ሆኑ፤ በግዕዝ ደብዳቤ ይጻጻፉም ነበር። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ጀርመን ጋበዛቸው። ከሮም ተነሥተው በቤተ መንግሥቱ ጥቂት ወራት ተቀመጡ። በዚያም ስለ አገራቸው መልክዐ ምድር፣ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ሕዝቡ ኑሮና ስለ ቋንቋዎቹ የሚጠየቁትን ሁሉ እየመለሱ አስመዘገቡ። ከሁሉ በላይ ሉዶልፍን አማርኛ አስተማሩት።

የተማሪው ውጤት ይህን ይመስላል፦ በ1661 የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1681 የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1691 የታሪኩ ማብራሪያ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት። የመጨረሻው የመጀመሪያው የታተመ የአማርኛ ሰዋስው ነው። አውሮፓ ሉዶልፍን የኢትዮጵያ ጥናት አባት ትለዋለች። እርሱ ግን ዕውቀቱ ከማን እንደመጣ አልካደም፤ ስማቸውን ደጋግሞ ጠራ፤ በ1691 መጽሐፉም የአባ ጎርጎርዮስን ምስል አሳተመ።

አባ ጎርጎርዮስ ይህን ሁሉ አላዩም። በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ፣ በሶርያ ጠረፍ በእስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ። ያስተማሩት ሰው የአማርኛውን ሰዋስው ሲያሳትም እርሳቸው ካረፉ 40 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ትምህርቱ ወደ አገር ቤት ሲመለስ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደብተራ ክፍለ ጊዮርጊስ የሮሙን ሊቅ ኢግናሲዮ ጉይዲን አማርኛ አስተማሩ። ጉይዲ በ1901 ታላቁን የአማርኛና የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። በዚህ ጊዜ ግን ታሪኩ ከቀድሞው ይለያል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ በኢየሩሳሌም አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌንም አስተማሩ፤ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ለእርሳቸው አወረሷቸው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አደራ ሰጡ። መጽሐፉም በ1948 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ታተመ። ይህ ሥራ ሦስት ትውልድ ጠየቀ፤ አንዱ ቢሰንፍ ኖሮ ዛሬ በእጃችን አይገኝም ነበር።

የቅዱስ እስጢፋኖስ ማረፊያ ደግሞ በ1919 የኢትዮጵያ ኮሌጅ ሆኖ ተደራጀ፤ ኋላም በቫቲካን የአትክልት ስፍራ ውስጥ በተሠራለት አዲስ ሕንፃ እስከ ዛሬ አለ።

ይህ ለእኛ ምን ይነግረናል?

አንደኛ፣ በአማራ ክልል በጦርነት ምክንያት በርካታ ት/ቤቶች መዘጋታቸውን፣ ልጆችም ከትምህርት ገበታ መለየታቸውን ሁላችንም በሐዘን እናውቃለን። አባ ተስፋ ጽዮን «አገር ሲረጋጋ እንሠራለን» ብለው አልጠበቁም። የደብረ ሊባኖስን ሕንፃ ከሮም ሆነው ሊሠሩ አይችሉም ነበር፤ መጽሐፍ ግን ማሳተም ይችሉ ነበር፤ አሳተሙ። እኛም ጣሪያ መጠገን በማንችልበት ወቅት የሚቻለንን እንለይ። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል መማሪያ መጻሕፍት አሳትሞ በየቤቱ ላሉ ልጆች ማድረስ፣ ደመወዝ ለተቋረጠበት መምህር መድረስ፣ በስልክም ቢሆን ማስጠናት ከአቅማችን በላይ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የመምህራንን ስም እንመዝግብ። ሪፖርታችን ለተማሪዎች ውጤት ሰፊ ቦታ ይሰጣል፤ ያስተማራቸው ሰው ስም ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሉዶልፍ ያደረገውን እኛ ለራሳችን መምህራን ማድረግ ያቅተናል? ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ በዚህ መጽሔት አንድ ገጽ ለቀያችን መምህራን፣ በጡረታ ላሉትም ላረፉትም፣ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀርባለሁ።

ሦስተኛ፣ በሮም የሚያድጉ ልጆቻችን ከ11 እስከ 14 ዓመታቸው በጣሊያን መካከለኛ ት/ቤት ይማራሉ። ላቲን ከየት እንደመጣ፣ የቅዱስ ጴጥሮስን ጉልላት ማን እንደነደፈው ይነገራቸዋል። ከዚያው ጉልላት ላይ ወጥቶ ወደ ኋላ ቁልቁል የተመለከተ ልጅ የሐበሾችን ቤተ ክርስቲያን ያያል። «እዚያ የእኛ ሰዎች አውሮፓን ያስተምሩ ነበር» የሚለውን የሚነግረው ወላጁ ነው። ፊደል ለማስቆጠርም ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም፤ ጀርመናዊው ፖትከን በዚያው ስፍራ ከሀ ሁ ጀምሯልና።

አባ ቶማስ፣ አባ ተስፋ ጽዮን፣ አባ ጎርጎርዮስና መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ሀብትም ሥልጣንም አልነበራቸውም። የነበራቸው ከአገራቸው ጉባኤ ቤት የቀሰሙት ትምህርትና ለሚጠይቃቸው ሰው የመመለስ ትዕግሥት ነው። ልጆቻችን እነዚህን አራት ስሞች ይወቁ። የመካከለኛ ት/ቤታችን ተማሪዎችም ያስተማራቸውን ሰው ስም ከውጤታቸው ጋር አብረው ይጻፉ።