ከባሕር ማዶ የመጣ ሁሉ እንግዳ ሆኖ አይቀርም



በሥራዬ ምክንያት ብዙ ቤተሰቦችን እጎበኛለሁ። አንድ ጊዜ በኔጌቭ ከሚኖሩ አንድ አባት ቤት ሄድሁ። ከቤታቸው በስተጀርባ ትንሽ ጓሮ አለቻቸው። እንደ አገር ቤቱ ልማድ ሰኔ ሲገባ ጎመን ዘሩባት፤ ቡቃያውን ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ፀሐይ አቃጠለው። ልጃቸው «ጎመን እኮ እዚህ ከሱቅ ነው የሚገዛው» ብሎ ሳቀባቸው። እሳቸውም ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ የእኔ እውቀት እዚያው ቀርቷል» አሉኝ። ይህን አነጋገር ከሌሎች ወላጆችም ስለ ሰማሁ፣ ዛሬ ስለ ጓሮ አትክልት ታሪክ ጥቂት ላጫውታችሁ ወደድሁ።

በጎንደር፣ በስሜንና በትግራይ ያደግን ሁሉ በርበሬ ከጥንት ጀምሮ የእኛ ነው ብለን እናምናለን። ነገር ግን ኮሎምበስ በ1492 ወደ አሜሪካ ከመሄዱ በፊት፣ ከዚያ ክፍለ ዓለም ውጭ በርበሬን የሚያውቅ ሕዝብ አልነበረም። በቆሎም ከዚያው የመጣ ነው። በአንዳንድ ቦታ ወላጆቻችን «የባሕር ማሽላ» ይሉት የነበረው ባሕር ተሻግሮ የመጣ ስለሆነ ነው። ድንችን ደግሞ ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በ1858 ገደማ ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባው ይነገራል።

እነዚህን እንግዶች የአገር ተወላጅ ያደረጋቸው ማን ነው? አዋጅ አይደለም። በየትኛው ዝናብ እንደሚዘሩ፣ የትኛው አፈር እንደሚስማማቸው፣ አመዱና ፍጉ የት እንደሚደፋ ዓመት ከዓመት እየሞከሩ የተማሩ ገበሬዎችና እናቶች ናቸው።

በእስራኤልም ታሪኩ ይኸው ነው። እዚህ አገር የተወለደ ሰው «ሳብራ» ይባላል። ስሙ የተወሰደበት እሾሃም ቁልቋል ግን ራሱ ከሜክሲኮ የመጣ ነው። በየጓሮው የምናየውን «ቲፍታፎት» የተባለውን የጠብታ መስኖ ያስገኘው መሐንዲስ ስምሐ ብላስም በዋርሶ ተወልዶ በ1930 ወደዚህ የመጣ ሰው ነበር። ውኃ በሚያንጠባጥብ ቧንቧ አጠገብ የበቀለ ዛፍ ከሌሎቹ በልጦ ማደጉን አይቶ ነገሩን በልቡ ያዘው። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1965፣ ከቤር ሸቫ አጠገብ ካለው ከሐጼሪም ኪቡጽ ጋር ሥራውን ጀመረ። ዛፍን አይቶ መማር ወላጆቻችንም የሚያውቁት ጥበብ ነው።

እንግዲህ የእኒያ አባት ጎመን የተቃጠለው እውቀት ስለጎደላቸው አይደለም። ወቅቱ ስለተገለበጠ ነው። በጎንደር ሰኔ የዝናብ መግቢያ ነው፤ እዚህ ግን በጋው የሚበረታበት፣ ጠብታ የማይወርድበት ወር ነው። የእስራኤል ዝናብ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንብላል ከዳስ በዓል በኋላ ይዘራሉ። በርበሬና ቲማቲም ብርዱ ሲያልፍ፣ በፋሲካ አካባቢ ይተከላሉ። በበጋው ውኃ በማለዳ ወይም ፀሐይ ስትጠልቅ ይጠጣ፤ መሬቱም በገለባ ወይም በደረቅ ቅጠል ይሸፈን፣ እርጥበቱ እንዳያመልጥ።

ይህን ከእኒያ አባት ጋር ተነጋገርን። ከበዓሉ በኋላ እንደገና ዘሩ። የውኃውን ጎማ የዘረጋው ያ የሳቀባቸው ልጅ ነው፤ በዕብራይስጥ የተጻፈውን መመሪያ እሱ አነበበላቸው፣ ችግኙ በምን ያህል ርቀት እንደሚተከል እሳቸው አሳዩት። በክረምቱ ስመለስ ከዚያው ጎመን ቀንጥሰው በእንጀራ አቀረቡልኝ። «የእኔ እውቀት እዚያው ቀርቷል» የሚለውን ዳግመኛ አላነሱትም።

ውድ ወላጆች፣ መሬቱንና ከብቱን ትተን መጣን እንጂ የእጃችንን ሙያ ትተን አልመጣንም። የወቅቱን ቁልፍ ብቻ መለወጥ ይበቃዋል። ጓሮ የሌላችሁም በረንዳ ላይ በጣሳ በሶብላና ጤና አዳም መትከል ትችላላችሁ። እናንተም ወጣቶች፣ አባታችሁ ሲቆፍሩ ስታዩ አብራችሁ ጎንበስ በሉ። በርበሬም የዛሬውን ስም ያገኘው በአንድ ክረምት አይደለም።