ሥራን በጥሪ ለሕዝብ ስለ ማደል፤ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላትና ከእርሱ በኋላ የመጡት

በ2006 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው) ጄፍ ሃው የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ዋየርድ በተባለው መጽሔት ላይ «ክራውድሶርሲንግ» የሚል አዲስ ቃል አወጣ። ትርጓሜውም አንድ ድርጅት ለራሱ ሠራተኞች ይሰጥ የነበረውን ሥራ በግልጽ ጥሪ ለማያውቀው ሕዝብ ማቅረቡ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጸሐፊዎች ነገሩ ከኮምፒዩተር ጋር የተወለደ አድርገው ይተርካሉ። እኛ ግን ስሙ አዲስ ቢሆንም ግብሩ አሮጌ ነው እንላለን፤ ለዚህም የእንግሊዝኛውን ትልቅ መዝገበ ቃላት ታሪክ በማስረጃነት እናቀርባለን። ከዚያም አንድ ጥያቄ እናነሣለን፤ ይኸውም ሥራው የብዙዎች ሲሆን ምስጋናውና ጥቅሙ የማን ነው? የሚል ነው።

በ1857 ዓ.ም. በለንደን የሚገኘው የሥነ ልሳን ማኅበር በጊዜው የነበሩት መዛግብተ ቃላት ብዙ እንደሚጐድላቸው ተመልክቶ ያልተመዘገቡትን ቃላት የሚሰበስብ ኮሚቴ አቋቋመ። አንድ ሊቅ ዕድሜውን ሙሉ ቢያነብ የእንግሊዝኛን መጻሕፍት ሊጨርስ አይችልምና ንባቡ ለፈቃደኞች እንዲታደል ተወሰነ። የመጀመሪያው አዘጋጅ ኸርበርት ኮልሪጅ በ1861 ዓ.ም. ገና በወጣትነቱ ሞተ። የተካው ፍሬድሪክ ፈርኒቫል ሰውን በማነሣሣት ብርቱ፣ የተጀመረውን በመከታተል ግን ደካማ ስለ ነበረ ሥራው እየቀዘቀዘ ሄደ። በ1879 ዓ.ም. የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ጄምስ ሙሬይ ከተባለ የትምህርት ቤት መምህር ጋር ተዋዋለ።

ሙሬይ የተረከበው ነገር የሚያሳዝንም የሚያስቅም ነበር። አንባቢዎቹ ለሃያ ዓመት ያህል የጻፉት ወረቀት በየጆንያው ታጭቆ መጣለት፤ በአንዱ ጆንያ ውስጥ አይጥ ከነልጆቿ ተገኘች። የ«ኤች» ፊደል ወረቀቶች ኢጣልያ አገር በፍሎሬንስ ተገኙ። በ«ፒ» ፊደል ከሚጀምሩት ከፊሎቹ ደግሞ አየርላንድ ውስጥ በአንድ የፈረስ ጋጣ ሲገኙ፣ አብዛኞቹ እሳት ማቀጣጠያ ሆነው አልቀው ነበር። ሥራን ለሕዝብ ማደል ቀላል መስሎ የሚታየው ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያነብ መልካም ነው። የታደለውን መልሶ የሚሰበስብ እጅ ከሌለ የሺህ ሰው ድካም ለምድጃ ይቀራል።

በዚያው ዓመት ሙሬይ አዲስ ጥሪ አሳትሞ በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በቅኝ አገሮች በተነ፤ ለሦስት ዓመት የሚያነቡለት አንድ ሺህ ሰዎችም ጠየቀ። ሥርዓቱ ግልጽ ነበር። አንባቢው በአንድ ትንሽ ወረቀት ራስጌ ቃሉን ይጽፋል፤ ከሥሩ ዘመኑን፣ የደራሲውን ስም፣ መጽሐፉንና ገጹን፣ በመጨረሻም ቃሉ የገባበትን ዓረፍተ ነገር ይገለብጣል። ይሁን እንጂ ሕዝቡ በጠቅላላው የሚሳሳተው ስሕተት ነበረው። ሁሉም ብርቅ የሆነውን ቃል አድኖ የዕለቱን ቃል ተወው። ሙሬይ ራሱ እንደ ገለጸው፣ ማንም ለማይናገረው «አብዩሽን» ለተባለ አሮጌ ቃል አምሳ ያህል ጥቅስ ሲመጣለት፣ «አብዩዝ» ለተባለው ለተለመደው ቃል ግን አምስት እንኳ አልሞላም። ስለዚህ የጐደለውን ከረዳቶቹ ጋር ራሱ መፈለግ ግድ ሆነበት። የወረቀቶቹንም መደርደር ልጆቹ ሳይቀሩ ለጥቂት ሳንቲም ይረዱት ነበር።

የመጀመሪያው ክፍል በ1884 ዓ.ም. ታተመ። ሙሬይ በ1915 ዓ.ም. ሥራውን ሳይፈጽም ሞተ፤ መዝገቡ በ1928 ዓ.ም. ሲያልቅ 414,825 ቃላትና 1,827,306 ጥቅሶች ነበሩት። በአሥር ዓመት ያልቃል ተብሎ የተጀመረ ሥራ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ ያንኑ ሥርዓት በዚያው ከተማ እናገኘዋለን። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው «ጋላክሲ ዙ» በተባለው ሥራ አንድ ሚሊዮን ያህል የከዋክብት ረድኤት ሥዕሎችን በቅርጻቸው እንዲለይላቸው ሕዝቡን ጠየቁ። በአንድ ዓመት ከ150,000 የሚበልጡ ሰዎች 50 ሚሊዮን ያህል ፍርድ ሰጡ። አንዱን ሥዕል ብዙ ሰው ስለሚያየው የአንዱ ስሕተት በሌላው ይታረማል፤ ሙሬይ ያላገኘው መድኃኒት ይህ ነበር። ሐኒ ቫን አርከል የተባለች የሆላንድ መምህርት ማንም ያላስተዋለውን እንግዳ ብርሃን ባየች ጊዜ ነገሩ በእርሷ ስም ተጠራ።

ነጋዴዎች ግን በሌላ መንገድ ሄዱ። ጎልድኮርፕ የተባለው የካናዳ የወርቅ ኩባንያ በ2000 ዓ.ም. የማዕድኑን ምስጢር ለዓለም ገልጦ ወርቁ ወዴት እንዳለ ለሚያመለክቱት 575,000 ዶላር ሽልማት መደበ። ኔትፍሊክስም በ2006 ዓ.ም. የፊልም ምርጫ መተንበያውን በመቶ አሥር ለሚያሻሽል አንድ ሚሊዮን ዶላር አቀረበ። በ2009 ዓ.ም. ሁለት ቡድኖች እኩል ውጤት ይዘው ቀረቡ፤ አንደኛው ሃያ ደቂቃ ቀድሞ አስገብቶ ስለ ነበር ገንዘቡን ሁሉ ወሰደ። የሌሎቹ የሦስት ዓመት ድካም አንዲት ሳንቲም አልተከፈለበትም። ይባስ ብሎ ኩባንያው ያሸለመውን ድምር ዘዴ እንዳለ በሥራ ላይ አላዋለውም።

በአገራችን ደቦን የሚያውቅ ሰው ይህን ሁሉ ደቦ ነው ሊል ይችል ይሆናል፤ እኛ አንስማማም። በደቦ የተጠራ ጠሪውን ያውቀዋል፤ ጠላውን ጠጥቶ ይሄዳል፤ ነገም በተራው ይጠራዋል። «ሪካፕቻ» የተባለውን ዘዴ እንውሰድ። በ2007 ዓ.ም. በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተፈለሰፈ፤ በ2009 ዓ.ም. ጉግል ገዛው። ሰው መሆኑን ለማረጋገጥ ሁለት ቃል እንዲጽፍ የታዘዘ ሁሉ አንደኛውን ቃል ሲጽፍ መኪናው ማንበብ ያቃተውን የአሮጌ ጋዜጣ ቃል እያነበበለት ነበር። ብዙዎቹ ሥራ መሥራታቸውን እንኳ አላወቁም።

የሙሬይ አንባቢዎች ደመወዝ አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ለምን እንደሚደክሙ ያውቁ ነበር፤ ስማቸውም በመቅድሙ ታትሞላቸዋል። ከእነርሱ አንዱ ዊልያም ማይነር በአእምሮ ሕመም ሰው ገድሎ ብሮድሙር በተባለው ሕሙማን በሚጠበቁበት ቤት የተዘጋበት አሜሪካዊ ሐኪም ነበረ። ከዚያች ክፍል ሆኖ ለብዙ ዓመታት ጥቅስ ላከ፤ ሙሬይም ሊጠይቀው ወደዚያ ይሄድ ነበር።