የታገዱ መጻሕፍት በኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ፦ «አልወለድም» እና «ኦሮማይ»

መጽሐፍን ማገድ በበርካታ አገሮች የሥነ ጽሑፍ ታሪክ የታየ ድርጊት ነው። የቦሪስ ፓስተርናክ «ዶክተር ዢቫጎ» በ1957 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ ቢታተምም፣ በደራሲው አገር በሶቪየት ኅብረት እስከ 1988 እ.ኤ.አ. ድረስ ለኅትመት አልበቃም። በኢትዮጵያም ከታገዱ ሥራዎች መካከል ሁለት ልብ ወለዶች በተለይ ይጠቀሳሉ።

የመጀመሪያው በ1955 ዓ.ም. የታተመው የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» ነው። ታሪኩ ግፍ ወደ በዛበት ዓለም አልመጣም ብሎ በእናቱ ማኅፀን ሳለ የሚሟገት ጽንስን ይተርካል። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መልእክቱ ሥርዓቱን የሚነካ ሆኖ ስላገኘው መጽሐፉ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ደራሲውም በዚያ ዘመን በኢሉባቦር ጎሬ በግዞት ቆይቷል።

ሁለተኛው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። በዓሉ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ስለነበረ፣ ደርግ በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ የከፈተውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በቅርብ የመመልከት ዕድል ነበረው። ልብ ወለዱ ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም በአስመራ የገጠመውን ፍቅርና ጦርነት እየተከተለ፣ የዘመቻውን መክሸፍና የሹማምንቱን ጠባይ ይገልጣል። «ኦሮማይ» ከጣሊያንኛ ወደ አስመራ አነጋገር የገባ ቃል ሲሆን፣ «አበቃ፣ ከንቱ ሆነ» የሚል ስሜት አለው።

መጽሐፉን በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው የመንግሥት ተቋም የነበረው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነው። ይሁንና ብዙ ሳይቆይ ከየመደብሩ ተለቀመ፤ በዓሉም ከሥራው ተሰናበተ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። መኪናው ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች።

እገዳው ግን ንባቡን አላስቆመም። ከለቀማው ያመለጡት ቅጂዎች በምስጢር ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወሩ። መጽሐፉን ይዞ መገኘት አደጋ በነበረበት ዘመን፣ ደብቀው ያቆዩት አንባቢዎች ለመጪው ትውልድ አሻገሩት።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ «ኦሮማይ» በይፋ በድጋሚ ታተመ። ቅድመ ምርመራ በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቀረ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን ደነገገ። ልብ ወለዱ በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለሌላው ዓለም አንባቢ ደርሷል።

ከሁለቱም ታሪኮች የሚታየው አንድ እውነት አለ። የተለቀመ መጽሐፍ አንድ ቅጂ እንኳ ከተረፈለት ዳግም ሊታተም ይችላል፤ ለጸሐፊው ግን ሁለተኛ ኅትመት የለውም። «ኦሮማይ» ወደ አንባቢው ተመልሷል፤ በዓሉ ግርማ ግን አልተመለሰም፤ መቃብሩም የት እንደሆነ አይታወቅም።