ስለ ደባል

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በአንድ ጣራ ሥር ተጠግቶ ማደር የቆየ ነገር ነው፤ እኔም በተማሪነቴ ዘመን በአዲስ አበባ ደባል ነበርሁ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በአንዲት ክፍል ስናድር ውሉን የፈረመው እሱ ብቻ ነበር፤ እኔ ድርሻዬን በየወሩ በእጁ እሰጠው ነበር። አንድ ቀን ዕቃውን ይዞ ሄደ። ባለቤቷ መጥተው የሦስት ወር ኪራይ እንዳልተከፈላቸው ነገሩኝ። እኔ ከፍያለሁ ብዬ ብምልላቸው፣ «ልጄ፣ እኔ የማውቀው እሱን ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ በሳምንቱ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ ተነሣሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተከራይ ቤቱን መልሶ ለሌላ ማከራየቱን ሳይዘነጋ ደንብ አበጅቶለታል፤ ለባለቤቱ ተጠያቂ ሆኖ የሚቀረው ግን የፈረመው ተከራይ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራዩ እስከ 100 ብር የነበረው ቤት ለቀበሌ ገባ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። ለብዙ ድኻ ተከራይ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ቤታቸው የተወሰደባቸው ሰዎች ግን ሌላ ይላሉ። ሆኖም በቀበሌው መዝገብ የሚገኘው የተከራዩ ስም ነበርና፣ በጓዳ የተጠጋው ደባል ተከራዩ ቢሞት ወይም ቢጣላው የሚያሳየው ወረቀት አልነበረውም። ባለቤቱ ተለወጠ፤ የደባሉ ነገር ግን እንደ ነበረ ቀረ።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዝዛል። መልካም ነው፤ ስሙ በወረቀቱ ላይ ላለ ሰው።

ስምን ማስገባትም ቢሆን የራሱ ሸክም አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ 1896ኛ ቁጥር መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ አብረው የፈረሙ ባለዕዳዎች ለዕዳው በአንድነት ይጠየቃሉ፤ አንዱ ቢጠፋ ባለቤቱ ሙሉውን ከቀረው ይጠይቃል ማለት ነው። የከፈለውም የጠፋውን ሰው ድርሻ ያስመልሳል፤ ካገኘው።

በዚያው ዘመን ሁለተኛዋን ክፍል ከሌላ ጓደኛ ጋር ስንከራይ፣ የሁለታችንም ስም እንዲጻፍ ሽማግሌውን ባለቤት ለመንኋቸው። «ለአንዲት ክፍል ሁለት ስም?» ብለው ሳቁ፤ ግን ጻፉ። «እያንዳንዱ ለድርሻው ብቻ» የሚለውን እንዲጨምሩ ብጠይቃቸው ግን ብዕሩን አስቀመጡ። ከጓደኛዬ ጋር ተያየንና ፈረምን።