ሥራቸው ታውቆ ስማቸው ያልታወቀ ሠዓሊ

አንድ ቀን በታሪክ ክፍለ ጊዜ እርስ በርሳችን ተፈታተንን። ከመካከላችን አንዱ ጥቁር የራስ ቁር የደፋ፣ ፊቱን በጭንብል የሸፈነ፣ ረጅም ካባ የለበሰ ሰው በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሣለና «ይህ ማነው?» ሲል ጠየቀ። ከዳር እስከ ዳር በአንድ ድምፅ «ዳርት ቬደር!» አልን። «ስታር ዎርስ»፣ ማለት «የከዋክብት ጦርነት» በሚባሉት ፊልሞች ውስጥ ያለውን ይህን ክፉ ሰው የማያውቅ አልነበረም። ቀጥሎ «ይህን መልክ አስቀድሞ የሣለው ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዱ የፊልሙን ደራሲ ስም ጠራ፤ ሌላው የተዋናዩን ስም ጠራ፤ ሁለቱም ተሳሳቱ። መምህራችንም ፈገግ ብለው «የታሪክ ተማሪዎች ከሆናችሁ ፈልጋችሁ አግኙ» አሉን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ፍለጋ ፍሬ ነው። ዘመኑን የቆጠርነው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

የፈለግነው ሰው ስም ራልፍ ማክዋሪ ይባላል። እኒህ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 2012፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 24 ቀን 2004 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በበርክሌይ ከተማ በ82 ዓመታቸው ዐረፉ። የሞታቸው ወሬ በተሰማ ጊዜ በብዙ አገሮች የሚኖሩ፣ ፊታቸውን አንድ ቀን እንኳ አይተው የማያውቁ ሰዎች አዘኑ። ሐዘንተኞቹም የሠዓሊውን ሥዕሎች እያወጡ ለሌላው ያሳዩ ነበር። አንዱ «በልጅነቴ ያየሁት ይህን ነው» ይላል፤ ሌላው «እኔ ብሩሽ የያዝሁት በእርሳቸው ምክንያት ነው» ይላል። ታዲያ ዘመድም ወዳጅም ያልሆኑ ሰዎች እንዲህ ያዘኑት ለምንድን ነው? ይህን ለመረዳት የሕይወታቸውን ታሪክ ከመጀመሪያው ማየት ያስፈልጋል።

ሚስተር ማክዋሪ የተወለዱት ጁን 13 ቀን 1929 በኢንዲያና ግዛት፣ ጌሪ በምትባል ከተማ ነው። ያደጉት ግን በሞንታና ግዛት፣ በቢሊንግስ ከተማ አጠገብ በሚገኝ እርሻ ላይ ነበር። ጎልማሳ በሆኑ ጊዜ በአገራቸው ጦር ሠራዊት ውስጥ አገልግለው፣ የእኛ የቃኘው ሻለቃ በጀግንነት በተዋጋበት በኮሪያ ጦርነት ላይ ተሰለፉ። በዚያም ጥይት ራሳቸውን መትቷቸው ሳለ በሕይወት ተረፉ። ያች ጥይት ጥቂት ዝቅ ብላ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የዓለም ልጆች ሁሉ የሚያውቁት ያ ጥቁር ጭንብል በዚህ መልኩ ባልታየም ነበር ብለን እናስባለን።

ከጦርነቱ ከተመለሱ በኋላ በሎስ አንጀለስ ሥዕል ተማሩ። የመጀመሪያ ሥራቸው ግን የሚያስደንቅ አልነበረም። ለጥርስ ሐኪሞች የሚሆን ጽሑፍ ይዘጋጅ ስለ ነበር፣ ጥርስና የጥርስ መሣሪያ መሣል ነበር ሥራቸው። ቀጥሎ ቦይንግ በተባለው የአውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ የቴክኒክ ሠዓሊ ሆነው ተቀጠሩ። ከዚያም ሰው ወደ ጨረቃ በተጓዘበት ዘመን የአፖሎ መንኮራኩሮች እንዴት እንደሚበርሩ ለቴሌቪዥን ተመልካች የሚያስረዱ ሥዕሎችን ሠሩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ጥርስን የሣለ እጅ ትንሹን ነገር ሳያዛባ ማየት ይማራል፤ አውሮፕላን የሣለ እጅ ብረት ከብረት ጋር እንዴት እንደሚጋጠም ያውቃል። በኋላ የሣሏቸው የሕልም መርከቦች እውነተኛ መስለው የታዩት በዚህ ትምህርት ምክንያት ይመስለናል። ተራ ሥራ የሚባል ሁሉ ከንቱ አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን።

በዚያ ጊዜ ጆርጅ ሉካስ የተባሉ ወጣት የፊልም ሠሪ በከዋክብት መካከል ስለሚደረግ ጦርነት ታሪክ እየጻፉ ነበር። ሁለት የፊልም ኩባንያዎች ሐሳቡን አልቀበልም አሉ። በዚያን ዘመን ትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ ይባል የነበረው ሦስተኛው ኩባንያ ጽሑፉ እንዲዘጋጅ ፈቀደ፤ ሆኖም አለቆቹ ብዙ ገንዘብ ለማውጣት ያመነቱ ነበር። ማመንታታቸውም አያስፈርድባቸውም። ጽሑፉን ያነበበ ሰው ስለ ብረት ሰዎች፣ ሁለት ፀሐይ ስለሚወጣበት ምድር፣ ጠጕራም ስለሆነ ግዙፍ ፍጡር ያነብባል፤ በዓይነ ልቡናው ግን ምንም አይታየውም። በእኛ አነጋገር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ዓይነት ነበር።

ሉካስ በ1975 ወደ ሚስተር ማክዋሪ ሄደው ከጽሑፉ ውስጥ ጥቂት ቦታዎችን መርጠው እንዲሥሉላቸው ጠየቁ። እርሳቸውም ሣሉ። አንዱ ሥዕል ሁለት የብረት አገልጋዮች፣ አንዱ ረጅምና ወርቃማ፣ ሁለተኛው አጭርና ድቡልቡል፣ በበረሃ ላይ ብቻቸውን ቆመው ያሳያል። ሌላው ደግሞ ሁለት ሰዎች በብርሃን ሰይፍ ሲፋለሙ ያሳያል። ሥዕሎቹ ለኩባንያው አለቆች ቀረቡ፤ በሰማይ ያለችው ላም ወደ ምድር ወርዳ ታየች ለማለት ይቻላል። ፊልሙ ገንዘብ እንዲያገኝ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ እነዚህ ሥዕሎች እንደ ነበሩ ታሪክ ይመሰክራል።

እንዲህ ያለው ሙያ ምን እንደሆነ ለወላጆቻችን በምሳሌ እናስረዳ። ቤት ከመሠራቱ በፊት ፕላን ይነሣል። ግንበኛውም አናጢውም ያንን ፕላን አይተው ይሠራሉ። ቤቱ ባለቀ ጊዜ ግን እንግዳው የሚያመሰግነው ባለቤቱን ነው፤ ፕላኑን የነደፈውን ማንም አይጠይቅም። የማክዋሪ ሥራም ይኸው ነበር። ልብስ ሰፊው፣ ጭንብል ቀራጩ፣ ካሜራ የያዘው፣ ሁሉም የእርሳቸውን ሥዕል እያዩ ይሠሩ ነበር። ሉካስም ከሞታቸው በኋላ በሰጡት ቃል፣ ሐሳባቸውን በቃል ማስረዳት ባቃታቸው ጊዜ ከማክዋሪ ሥዕሎች አንዱን እያመለከቱ እንደዚህ አድርጉት ይሉ እንደ ነበር መስክረዋል።

ስለ ጥቁሩ ጭንብል ያገኘነው ታሪክ ከሁሉ ይልቅ አስደንቆናል። ሉካስ ዳርት ቬደር ነፋስ የሚያውለበልበው ጥቁር ልብስ የለበሰ እንዲሆን አዝዘው ነበር። ማክዋሪ ጽሑፉን ሲያነቡ ግን ሰውዬው ከአንድ መርከብ ወደ ሌላው አየር በሌለበት ጠፈር ውስጥ እንደሚሻገር አስተዋሉ። «ታዲያ በምን ይተነፍሳል?» የሚል ጥያቄ መጣባቸው፤ ስለዚህ የመተንፈሻ ጭንብል አደረጉለት። የራስ ቁሩንም የጥንት የጃፓን ተዋጊዎች ይደፉት በነበረው ዓይነት ሰፋ አደረጉት። እንግዲህ ዓለምን ያስደነገጠው ያ መልክ የተገኘው ከአንዲት ቀላል ጥያቄ ነው። በጥንቃቄ ማንበብ ለሠዓሊም እንደሚጠቅም ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ስለ ወርቃማው የብረት ሰውም አንድ ነገር እንጨምር። አንቶኒ ዳንኤልስ የተባለው እንግሊዛዊ ተዋናይ የብረት ሰው ሆኖ እንዲጫወት በተጠየቀ ጊዜ ብዙ ፍላጎት አልነበረውም። ነገር ግን በበረሃ የቆሙትን የሁለቱን የብረት አገልጋዮች ሥዕል ባየ ጊዜ፣ የዚያ ፍጡር ፊት ልቡን ነክቶት ሐሳቡን እንደ ለወጠ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ልብ የሌለውን ብረት ሥሎ የሰውን ልብ መንካት ትልቅ ችሎታ ነው።

ይሁን እንጂ ታሪክ ጸሐፊ ወዳጁን ለማመስገን ሲል የሌላውን ድርሻ መቀነስ የለበትም። ማክዋሪ ብቻቸውን አልሠሩም። ወርቃማው የብረት ሰው ፍሪትስ ላንግ በጀርመን አገር ሠርቶት በ1927 ከታየው «ሜትሮፖሊስ» ከተባለው ፊልም ምሳሌ ተወስዶለታል። የመጀመሪያዎቹን የጠፈር መርከቦች ሞዴል የሠራው ኮሊን ካንትዌል ነው፤ ልብሱን ያዘጋጀው ጆን ሞሎ፣ የዳርት ቬደርን ጭንብል የቀረጸው ብራያን ሚዩር ነው። ታሪኩ የሉካስ ነው። የማክዋሪ ድርሻ የተበታተነውን ሐሳብ በአንድ ዓለም ውስጥ ሰብስቦ ለዓይን ማሳየት ነበር።

የፊልሙ የበረሃ ክፍል በ1976 በእኛው አህጉር፣ በቱኒዚያ ተነሣ። የዚያች የበረሃ ምድር ስም እንኳ ታታዊን ከተባለች የቱኒዚያ ከተማ የመጣ ነው። ፊልሙ ሜይ 25 ቀን 1977 ለሕዝብ ታየና ከታሰበው በላይ ተወደደ። በዓመቱ ስለ ፊልሙ መልክና አሠራር የኦስካር ሽልማት ሲሰጥ የማክዋሪ ስም ከተሸላሚዎቹ መካከል አልነበረም። ስማቸው በፊልሙ መጨረሻ ላይ ተጽፏል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ተመልካቹ ተነሥቶ ወደ በሩ ይሄዳል። እርሳቸው ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። በ1980 እና በ1983 ለወጡት ሁለት ተከታይ ፊልሞችም ሣሉ፤ በደመና ላይ የተንሳፈፈችው ከተማ ከእጃቸው ሥራዎች አንዷ ናት። በ1980ው ፊልም ውስጥ ለአፍታ ያህል በወታደር ልብስ ይታያሉ፤ ብዙ ሰው ግን ሳያውቃቸው ያልፋቸዋል። በመጨረሻ «ኮኩን» ለተባለው የ1985 ፊልም ከሦስት ባልደረቦቻቸው ጋር የኦስካር ሽልማት ተቀበሉ።

ከሞቱም በኋላ ሥራቸው አልተቋረጠም። በ1970ዎቹ ሥለውት ሳይሠራበት የቀረው ብዙ ሥዕል ነበራቸው። በ2014 የተጀመረው «ሬበልስ» የተባለው የሥዕል ፊልም ከእነዚህ የተረሱ ሥዕሎች ሁለት ዋና ፍጡራንን አወጣ። በ2016 በታየው «ሮግ ዋን» በተባለው ፊልም ውስጥ ያለው የዳርት ቬደር ግንብም መሠረቱ የእርሳቸው አሮጌ ሥዕል ነው። በዚህም መሠረት ዛሬ የተጣለ የሚመስል ወረቀት ነገ የሚፈልገው ሊመጣ ይችላል።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። «በዓይን ላላዩት ሰው ማዘን ምን ይባላል?» የሚል አይጠፋም። እኛም መጀመሪያ እንዲሁ ብለን ነበር። በኋላ ግን የገዛ ልማዳችንን አሰብን። በአገራችን ለቅሶ ላይ የሟቹ ሥራ እየተነሣ ይወሳል፤ የሚያለቅሰውም ሟቹ ከሰጠው ነገር ድርሻ ያለው ሰው ነው። እነዚያ ሐዘንተኞችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የልጅነት ሕልማቸውን የሰጣቸው ማን እንደሆነ ብዙዎቹ ዘግይተው ዐወቁ፤ ከማልቀሳቸው ጋር ስሙን ለልጆቻቸው ነገሩ። ከሐዘናቸው ውስጥ የዘገየ ምስጋና አለበት።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። በጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች እያደነቅን አድገናል፤ የብዙዎቹን ሠዓልያን ስም ግን አናውቅም። ከመካከላችንም በደብተራቸው ጠርዝ ላይ ሲሥሉ ተይዘው የተቆጡ አሉ። ቁጣው አግባብ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩን አንክድም፤ ሒሳብ እየተማሩ መሣል ልክ አይደለም። ነገር ግን ወላጆቻችንንና መምህራኖቻችንን በትሕትና የምንለምነው አንድ ነገር አለ። ይኸውም ልጁ ሲሥል ባገኛችሁት ጊዜ ከቁጣው በኋላ ሥዕሉንም እንድታዩለት ነው። ምናልባት የሚሥለው ጥርስ ብቻ ይሆናል፤ የጥርስ ሠዓሊ ግን የት እንደሚደርስ አይተናል።

እኛም ከዚህ ታሪክ የተማርነውን በቃል ብቻ ልንተወው አልወደድንም። ይህን የበዓል መጽሔት ስታነብቡ የሽፋኑን ሥዕል አይታችሁ ሳታደንቁ አልቀራችሁም። ሥዕሉን የሣለው ጓደኛችን፣ ጽሑፎቹን በጽሕፈት መኪና የጻፈችው እኅታችን፣ ፎቶግራፎቹን የለጠፉት ልጆች፣ ማታ ማታ ስንሠራ ክፍሉን እየከፈቱ የጠበቁልን ዘበኛችን አባባ፣ የሁሉም ስም በመጨረሻው ገጽ ላይ ታትሟል። እባካችሁ መጽሔቱን ከመዝጋታችሁ በፊት ያንን ገጽ አንብቡልን።