ዳስና አዳራሽ በባሌ ደጋ

ዛሬ በሮቤም ሆነ በጎባ የሠርግ ጥሪ ካርድ የደረሰው ሰው ስሙን አንብቦ ቀኑን ከተመለከተ በኋላ ዐይኑን የሚያሳርፈው «ቦታ» ተብሎ ከተጻፈው መሥመር ላይ ነው፤ ሠርጉ በየትኛው አዳራሽ እንደ ሆነ ሳያውቅ ከቤቱ ሊወጣ አይችልምና። አባቶቻችን ግን ይህን ጥያቄ አልጠየቁትም። ጠሪው ከደጅ ቆሞ የእከሌ ልጅ ሊዳር ነውና በዚህ ቀን እንዳትቀሩ ብሎ መልእክቱን ሲያደርስ፣ ቀኑን እንዳይረሳ ደግሞ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል እንጂ ወዴት እንምጣ የሚል አልነበረም፤ ሠርግ ከደጋሹ ግቢ ውጭ ይደረጋል ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረምና። ቦታው በዚያ ዘመን በእጅ ይሠራ ነበር፤ ስሙም ዳስ ነው። እንግዲህ የሠርግ ቦታን ታሪክ ለመናገር የሚነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው፣ ዳሱን ማን ተከለው፣ ማንስ ተቀመጠበት የሚለውን ነገር ይመስለኛል።

ዳስ ለቤተ ክርስቲያን ሰው እንግዳ ቃል አይደለም። በግዕዝ «መጸለት» ይባላል፤ «ጸለለ» ከሚለው ግሥ ወጥቶ ጥላ የሚሆን መጠለያ ማለት ነው። እስራኤል ከግብፅ ወጥተው በምድረ በዳ የኖሩበትን ዘመን እያሰቡ በቅጠል ጥላ ሥር የሚሰነብቱበት በዓል በዓለ መጸለት፣ በአማርኛችንም የዳስ በዓል የተባለው ስለዚህ ነው። ቅዱስ ጴጥሮስም በደብረ ታቦር የጌታውን ክብር ባየ ጊዜ ሦስት ዳስ እንሥራ ማለቱ፣ የሰው ልብ ታላቅ ደስታ ባገኘው ጊዜ ደስታውን የሚያሳድርበት ጥላ ለማቆም እንደሚቸኩል ያስረዳል። ስለ ሠርግ ሲሆን ግን ሊቃውንቱ ሁሉ የሚመለሱት በየዓመቱ ጥር 12 ቀን ወደሚከበረው ወደ ቃና ዘገሊላ ነው። ዶኪማስ በሚሉት ሰው ቤት በተደረገው በዚያ ከብካብ ጌታ ከእናቱና ከደቀ መዛሙርቱ ጋር የታደመው በመኖሪያ ቤት ሲሆን፣ ስድስቱም የድንጋይ ጋኖች እንደ አይሁድ ሥርዓት ለመንጻት ውሃ ይቀመጥባቸው የነበሩ የዚያው ቤት ዕቃዎች ነበሩ። የወይኑ ማለቅም ሠርግ ደጋሽ ሁሉ እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚያጣበትን ነገር፣ ይኸውም ተጠሪው ሳይነሣ ማዕዱ እንዳይጎድል የሚፈራውን ፍርሃት፣ የሚያስታውስ ነው።

በባሌ ደጋ ዳስ የሚተከልበትን ጊዜና ስፍራ የሚወስኑት ሰማዩና መሬቱ ናቸው። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ በሰፊ የእህል ሜዳ ላይ፣ ጎባም ከእርስዋ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ርቃ ከ2,700 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ ከሳነቴ አምባ ግርጌ ተቀምጠዋል። ይህ አገር በዓመት ሁለት ጊዜ ዘርቶ ሁለት ጊዜ የሚያጭድ ነው፤ ባላገሩም ከመጋቢት ጀምሮ ያለውን የዝናብ ወቅት «ና»ን አጥብቆ «ገና»፣ ከሐምሌ ወዲያ ያለውን ደግሞ «ቦና» ይለዋል። የቦናው ገብስና ስንዴ ታጭዶና ተወቅቶ ወደ ጎተራ የሚገባው እስከ ታኅሣሥና ጥር ነውና፣ ጾመ ነቢያት ተፈትቶ ልደትና ጥምቀት ካለፉ በኋላ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ያለችው ያች አጭር ጊዜ ጎተራው የሞላባት፣ ሰማዩም የጠራባት ጊዜ ትሆናለች። በሰሜኑ አገር ከፋሲካ በኋላ የሚመጣው ሚያዝያ ሁለተኛ የሠርግ ወር ሆኖ ሲከበር፣ በባሌ ግን ሚያዝያ የገናው ዝናብ የሚበረታበት ወር በመሆኑ፣ በቅጠል ብቻ ተከድኖ ዳስ የጣለ ሰው ሙሽሮቹንም ወጡንም ለዝናብ አሳልፎ የሰጠ ይሆናል። ጥርም ቢሆን ያለ ፈተና አይደለም፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከሳነቴ የሚወርደው የሌሊት ብርድ ውርጭ ይዞ ይመጣልና፣ ዐዋቂ ሰው የዳሱን ጀርባ ወደ ተራራው አዙሮ በዚያ በኩል ቅጠሉን አደራርቦ ይደፍነዋል፤ መካከሉንም ለእሳት ይተዋል።

ስፍራውን መምረጥ ለሽማግሌዎች የተተወ ጥበብ ነበረ። በሮቤ ሜዳ መረሬው አፈር ጥቂት ዝናብ ሲያገኝ እግር የሚይዝ ጭቃ ስለሚሆን ከግቢው ከፍ ያለው ወገን ይፈለጋል፤ በጎባ ተዳፋት ደግሞ ጋኑ ሳያዘነብል የሚቆምበት፣ ተቀማጩም ወደ ጎረቤቱ የማይንሸራተትበት ደልዳላ ቦታ ይፈለጋል። ማድ ቤቱ እንዳይርቅ፣ ጢሱም በነፋስ ተነድቶ ወደ ዳሱ እንዳይገባ፣ በሩም ሠርገኛው ከነፈረሱ ወደሚመጣበት መንገድ እንዲያይ ይደረጋል። ቦታው ከተቆረጠ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ መጥረቢያና ዶማ ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ለባላው ጉድጓድ ይቆፍራል፣ አንዱ ማገር ይጠርባል፣ ወጣቶቹ ጥዱንና አስታውን ቀርከሃውንም ከየሚገኝበት ይጭናሉ። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከባዕድ አገር ገብቶ ቀስ በቀስ በየከተማው ዙሪያ ከበቀለ ወዲህ ደግሞ፣ ቀጥ ያለውና በየጓሮው የሚገኘው የባሕር ዛፍ ቋሚ የዳስን ሥራ አቃለለው፤ ዳሱንም ከቀድሞው ይልቅ አሰፋው። በመጨረሻ መሬቱ በቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ርብራቡ በግራና በቀኝ ይዘረጋል፣ ለሙሽሮቹም ከራስጌው ከፍ ያለ መቀመጫ ይበጃል። «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው ምሳሌ ያላዘጋጀውን ሰው የሚነቅፍ ቢሆንም፣ ዳሱ ቀደም ብሎ በቆመበት ግቢ ግን ማንም አያነሣውም።

ይሁን እንጂ ዳስን ሁሉ የፍቅር ሥራ አድርጎ መናገር ታሪክን መሸንገል ይሆናል። ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ከአርሲ ዘመቻ ቀጥለው የባሌን አገር ለምኒልክ መንግሥት ካስገበሩ በኋላ ጎባ የወታደር ሰፈር፣ ቆይቶም የገዥ መቀመጫ ሆነች። በዚያ ከተማ የተቀመጡት ሹማምንት የሠርጋቸውን ዳስ የሚያስተክሉት በሸዋ ቤተ መንግሥት በሚያውቁት የግብር ሥርዓት ነበር፤ ሰው በየማዕርጉ ይቀመጣል፣ መኳንንቱ ከተነሡ በኋላ ሌላው በተራው ይገባል፣ ጠጁም እንደ ክብሩ ይቀዳል። ነገር ግን የዚያን ዳስ እንጨት የቈረጠው፣ ሣሩን የተሸከመው፣ ማሩንና እህሉን ያገባው ገባሩ ነበር፤ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ የአርሲ ኦሮሞ ባላገር ሲሆን፣ በገዛ እጁ በተከለው ዳስ ውስጥ ለእርሱ የተለየ ስፍራ አልነበረም። የዳስ ተካዩና የዳስ ተቀማጩ ልዩ ልዩ ሰዎች በሆኑበት ግቢ፣ ቄጠማው ምንም ያህል ቢለመልም ደስታው የአንድ ወገን ደስታ ሆኖ ይቀራል። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ የገባር ግዴታ በአዋጅ እየቀለለ ሄዶ፣ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ፈጽሞ ቀረ፤ ትዝታው ግን በብዙ ቤት ኖረ።

ባላገሩ ግን ለራሱ ልጅ ሠርግ የራሱ ስፍራና የራሱ ሥርዓት ነበረው። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ የጋብቻውን ቃል ኪዳን የሚያጸናው የራኮ ሥርዓት የሚፈጸመው በቤት፣ በከብቱ በረትና በዘመድ መካከል ነው፤ ለሙሽራዪቱ የክብርዋና የመብትዋ ምልክት የሆነችውን የሲንቄን በትር የምትሰጣትም እናትዋ ናት። ይህች በትር ከእናት እጅ ወደ ልጅ እጅ የምታልፍበት ሰዓት ሴት ልጅ ከእናትዋ ቤት የምትወጣበት ሰዓት ነውና፣ ሥርዓቱ የእናቲቱን ደጃፍ ይሻል፤ ያን ደጃፍ ደግሞ ሊተካው የሚችል አዳራሽ የለም። አጃቢው በፈረስ ሆኖ ይመጣል፣ ከገብስ ዱቄት የሚሠራው ጩኮም በቅቤ ርሶ በገበታ ይቀርባል። በእስልምናም ኒካሑ፣ ማለት የጋብቻው ውል፣ የሚጸናው ወሊ በሚባለው በሙሽራዪቱ አሳዳሪ ፈቃድ፣ በምስክሮችና ሙሽራው በሚሰጣት መህር ስለሆነ፣ ሥርዓቱ አብዛኛውን ጊዜ በሙሽራዪቱ ወላጆች ቤት ይፈጸማል።

ከተሞቹ እያደጉ፣ አንዱ የሌላውን እርድ የማይበሉት ክርስቲያኑና እስላሙ አጥር ለአጥር ጎረቤት ሆነው ሲኖሩ፣ ሠርግ ደጋሹን የሚያስጨንቀው ስፍራውን እንዴት ሁለት ማድረግ እንደሚችል ነበር። የክርስቲያን ደጋሽ ለእስላም ጎረቤቶቹ በሬውን ወይም በጉን በእስላም እጅ ያሳርዳል፤ ማድ ቤቱም፣ ድስቱም፣ ጭልፋውም ሳይቀላቀል በእስላም ሴቶች ይዘጋጃል፤ በእስላሙም ግቢ እንዲሁ ለክርስቲያኑ ተጠሪ ይደረጋል። አንድ ግቢ ሁለት ዳስ፣ ወይም አንድ ዳስ ሁለት ክንፍ ሲሆን፣ ሰው ሃይማኖቱን ሳይለቅ የጎረቤቱን ደስታ ተካፈለ። ቀኑም ቢሆን በሁለቱ ሚዛን የሚለካ ነበር፤ ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደመ ወቅቱን ሁሉ ይዞራልና፣ ለምሳሌ በ1990 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ ጥር 20 አካባቢ በሆነ ጊዜ፣ ጎረቤቱን የሚያከብር ክርስቲያን ደጋሽ ለሠርጉ የሚቀረው የጥር መጨረሻና የየካቲት መጀመሪያ ነበር። የዳሱ ተካይና የዳሱ ተቀማጭ አንድ የሆኑት በእንዲህ ያለው ግቢ ነው፤ ቦታውም ከዚህ የተሻለ ውበት አያስፈልገውም ነበር።

በዚህ መካከል ሕግም የሠርግን ቦታ መናገር ጀመረ። ቀድሞ ፍትሐ ነገሥቱ በ24ኛው አንቀጹ ስለ ጋብቻ ሥርዓት ሲደነግግ ተክሊሉን ከካህናት ጸሎት ጋር አያይዞት ነበርና፣ በቁርባን ለሚጋባ ሰው የሥርዓቱ ስፍራ ቤተ መቅደስ እንደ ሆነ የተወሰነ ነው፤ ምርጫ ያለው ከቅዳሴው በኋላ ስለሚደረገው ድግስ ብቻ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በልማድ የሚፈጸሙትን ሦስቱን ጋብቻዎች እኩል ሲያውቅ፣ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት የሠርግ ቦታ ሊሆን እንደሚችል ለሕዝቡ አሳወቀ። ጥቂት የተማሩ ወጣቶች ፊርማቸውን በዚያ አኖሩ፤ ከፊርማው በኋላ ግን ሁሉም ተመልሰው ወደ ዳሱ ገቡ።

አዳራሽ የሚለው ቃል ከቤተ መንግሥት ወርዶ ወደ ተራው ሰው ሠርግ የደረሰው በደርግ ዘመን ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ከተቋቋሙ በኋላ ለስብሰባ የተሠራው የቀበሌ አዳራሽ በሌላው ቀን ለሠርግ ይሰጥ ጀመር። ሰዓት እላፊ በታወጀባቸው ዓመታት በየከተማው የሚደረግ ሠርግ ወይ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይበተናል፣ ወይ ተጠሪው ሁሉ እስኪነጋ ድረስ በዳሱ ያድራል፤ የሚያድር ደግሞ የሚበላውና የሚሞቀው ይፈልጋልና፣ ብዙዎች ቀኑን መረጡ። በዚያው ዘመን የቅጠሉ ዳስ ለሸራ ድንኳን ስፍራውን እየለቀቀ ሄደ፤ ድንኳኑም የእድር ነበር። ለቅሶ ቤት የዋለው ድንኳን በሳምንቱ ሠርግ ቤት ሲተከል፣ የሚተክሉት እጆችም እነዚያው ሲሆኑ ያየ ሰው፣ ወደ ግብዣ ቤት ከመሄድ ወደ ለቅሶ ቤት መሄድ ይሻላል ያለው ጠቢቡ ሰሎሞን ሁለቱን ቤት አንድ ሸራ ሲከድናቸው ቢያይ ምን ይል ነበር ብሎ ይገረም ይሆናል።

ዛሬ ሮቤ የዞን ከተማ ሆናለች፤ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲም በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተባት ወዲህ ሰውዋም ቤትዋም በዝቶአል፤ በጠበበው ግቢ ውስጥ ዳስ የሚያስጥል ሜዳ የሚገኝለት ሰው ጥቂት ነው። አዳራሽ የመረጠውን ሰው መንቀፍ ፍትሕ አይደለም። የአዳራሹ ጣሪያ የገናን ዝናብ ይከለክላልና ሚያዝያን ለባሌ ሙሽሮች መልሶላቸዋል፤ ስንት ሌሊት በጢስ ዐይናቸው ሲቀላ ያድሩ የነበሩትን እናቶችም ቢያንስ አንድ ቀን ከእንግዶቹ ጋር አስቀምጦአቸዋል። ጉድለቱ በሰዓቱና በቁጥሩ ላይ ነው፤ አዳራሽ የሚከራየው በሰዓት፣ ወንበሩም በቁጥር ስለሆነ፣ ካርድ ያልደረሰው ጎረቤት፣ የቀድሞው እረኛ፣ ከገጠር ሳይጠራ የሚመጣው የአጎት ልጅ ስፍራቸውን ያጣሉ። ስለዚህ ይመስላል ብዙ ሰው በአዳራሽ ደግሶ ሳለ ለመልሱና ለቅልቅሉ በግቢው ውስጥ ወይም በመንገዱ ዳር ድንኳን ማስተከሉን ያልተወው፤ ቁጥር የጣላቸውን ሰዎች ሁሉ ያ ድንኳን ይሰበስባቸዋልና።

ስለዚህ በሮቤ ወይም በጎባ ለልጁ ሠርግ ቦታ የሚመርጥ አባት ስለ ወንበሩ ብዛትና ስለ መብራቱ ድምቀት ከጠየቀ በኋላ፣ ማን ይተክለዋል፣ ማንስ ይቀመጥበታል ብሎ ቢጠይቅ አይጎዳም። አዳራሹ ተጠርጎ ቁልፉ ለባለቤቱ ሲመለስ ወለሉ ላይ የሚቀር ነገር የለም፤ በነጋታው ሌላ ሙሽራ ይገባበታል። ዳስ በፈረሰበት ግቢ ግን ባላውና ማገሩ ወደየባለቤቱ ከተመለሰ በኋላ ጉድጓዶቹ እስከ ገና ዝናብ ድረስ አፋቸውን ከፍተው ይቆያሉ፤ ጎረቤቱም በዚያ በኩል ባለፈ ቁጥር፣ ይህችን የቈፈርኋት እኔ ነኝ ብሎ በእግሩ ጫፍ ያሳያል።